ጄሪካንና ማዳበሪያ ሲቀላቀል፦ የትኛው ፐሮክሳይድ ይሻላል? ወይስ ምንም አለመጨመር?

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። አነስተኛ የፕላስቲክ መፍጫና ማቅለጫ አለው። ከቆራሌዎችና ከምናለሽ ተራ የሚገዛው ጄሪካንና የማዳበሪያ ከረጢት ተቀላቅሎ ነው የሚደርሰው። ከዚያ የሚያወጣው የአትክልት ሳጥን ጥግ ጥጉ ላይ እየተሰነጠቀ አስቸግሮታል።

«የኬሚካል ነጋዴው ዲሲፒ የሚባለውን ፐሮክሳይድ ጨምርበት፣ እንደ ብረት ይጠነክርልሃል አለኝ። ልግዛ?»

«ቆይ፣ ድብልቅህ ውስጥ ጄሪካኑ ምን ያህል ነው? ማዳበሪያውስ?»

ዝም አለ። አያውቀውም።

የጥያቄው ቁልፍ ግን እዚያ ነው። ያው አንድ ዱቄት ጄሪካኑን ያጠነክርና ማዳበሪያውን ይሰባብራል። ይህን ሳያውቁ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያን ቀን በስልክ ያልጨረስኩትን ረጋ ብዬ ልጻፈው። የማነጻጽረው ኬሚካሎቹን እንጂ አምራቾቹን አይደለም።

መጀመሪያ፦ ፐሮክሳይድ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?

ፐሮክሳይድ የሚለውን ስም ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቁስል የሚጠረግበት አለ፣ የብጉር ቅባት ውስጥ ያለ አለ። ለፕላስቲክ የሚሆኑትም ዘመዶቻቸው ናቸው። ሁሉም ውስጥ ሁለት ኦክስጅኖች ተያይዘው ይገኛሉ። ያቺ ማያያዣ ደካማ ናት። ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ የምትበጠሰው እሷ ናት። ስትበጠስ ሁለት ፍሪ ራዲካሎች ይወጣሉ። እነዚህ አጋር ያጣ ኤሌክትሮን የያዙ ቁራጮች ስለሆኑ ዝም ብለው አይቀመጡም። አጠገባቸው ካለው የፕላስቲክ ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃሉ። አሁን ራዲካሉ የፕላስቲኩ ሰንሰለት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ጄሪካን፣ የቢራ ሳጥን፣ ፌስታልና የውሃ ሮቶ የሚሠሩት ከፖሊኢታይሊን ነው። ሰፈር ውስጥ ጠንከር ያለውን ኤችዲ፣ ለስለስ ያለውን ኤልዲ የምንለው ማለት ነው። ፖሊኢታይሊን ውስጥ ራዲካል የሆኑ ሁለት ሰንሰለቶች ሲገናኙ ይያያዛሉ። ሌሎችም እየተያያዙ መረብ ይሆናሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ቅልጡ ይወፍራል። እቃው ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ሸክም ተጭኖበት ሲቆይም ቶሎ አይለጠጥም።

የማዳበሪያ ከረጢት፣ አብዛኛው የፕላስቲክ ወንበርና ብዙ የጠርሙስ ክዳን ደግሞ ከፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ፒፒ የምንለው። የፒፒ ሰንሰለት በየሁለት ካርቦኑ ትንሽ ቅርንጫፍ አለው። ራዲካሉ የሚያርፈው በአብዛኛው ቅርንጫፉ የበቀለበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ ሰንሰለቱ ጓደኛ እስኪያገኝ አይጠብቅም። አጠገቡ ይበጠሳል። ረጅሙ ሰንሰለት አጭር ይሆናል፣ ቅልጡ ይቀጥናል፣ እቃውም ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራል።

ሁለቱ ሲቀላቀሉስ? ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። በመገናኛቸው ድንበር ላይ ጥቂት የኤችዲና የፒፒ ሰንሰለቶች ይያያዛሉ። ነጋዴው «ያጣብቅልሃል» የሚለው ይህችን ነው። እውነት ነው፣ አለች። ግን መጠኗ ትንሽ ስለሆነ ከመረቡና ከመበጠሱ ጋር አትወዳደርም።

ስለ ሙቀት ጠባዩም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ፐሮክሳይድ ከገባበት ሁለቱ አንድ ፕላስቲክ ይሆናሉ» ይባላል። አይሆኑም። ድብልቁን የማቅለጫ ሙቀት በሚለካ መሣሪያ ብታስለኩት ግራፉ ላይ ሁለት ጉብታ ታያላችሁ። አንዱ 130 ዲግሪ አካባቢ የኤችዲው ነው፣ ሌላው ከ160 እስከ 165 የፒፒው ነው። ፐሮክሳይድ ከጨመራችሁም በኋላ ሁለቱ ጉብታዎች እዚያው ናቸው። የኤችዲው ትንሽ ዝቅና ጠበብ ሊል ይችላል፤ መረቡ ሰንሰለቶቹ ተደርድረው ክሪስታል እንዳይሠሩ ስለሚያግዳቸው ነው።

መረቡ የሚጠቅመው ከማቅለጫው ሙቀት በላይ ነው። ያልተያያዘ ፖሊኢታይሊን 130 ዲግሪን ሲያልፍ ይፈሳል። የተያያዘው ይለሰልሳል እንጂ አይፈስም። የኤሌክትሪክ ኬብል ሽፋን ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ተራ ፖሊኢታይሊን የለበሰ ኬብል የሚሠራው እስከ 70 ወይም 75 ዲግሪ ነው። ሁለት በመቶ አካባቢ ዲሲፒ ገብቶበት የተያያዘው ያለማቋረጥ እስከ 90 ዲግሪ ይሠራል፣ ኬብሉ ሾርት ሲያደርግም ለቅጽበት 250 ዲግሪ ይችላል። ለሙቅ ውሃ የሚዘረጋው ፔክስ ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ ፔክስ ኤ የሚባለው የሚያያዘው በፐሮክሳይድ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እነዚህ ንጹህ ፖሊኢታይሊን ናቸው። ማዳበሪያ አልገባባቸውም።

ከመግዛት በፊት የምትጠይቋቸው መስፈርቶች

የድብልቁ መጠን። ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ኤችዲው ከ100 ኪሎ ውስጥ 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፐሮክሳይድ ሊጠቅም ይችላል። ፒፒው ከበዛ ጥንካሬ አትጠብቁ፤ የምታገኙት ቅጥነት ነው። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ሁኔታው የባሰ ነው። ኤችዲው እየወፈረ ፒፒው እየቀጠነ ስለሚሄድ ይራራቃሉ። የእንጀራ ሊጥ ውስጥ የዳቦ ሊጥ ለመበተን እንደመሞከር ነው። ትልልቅ ጉብታ ሆኖ ይቀራል፣ እቃውም በዚያ በኩል ይሰነጠቃል።

መጠኑን በውሃ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። አልኮል ግን ይለያቸዋል። አምስት እጅ 70 በመቶ የፋርማሲ አልኮልን ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ክብደቱ በሊትር ወደ 0.93 ኪሎ ይሆናል። ንጹህ ፒፒ 0.90 ወይም 0.91 ስለሆነ ይንሳፈፋል። ኤችዲ 0.94 እና ከዚያ በላይ ስለሆነ ይሰምጣል። የታጠበና የደረቀ 50 ቁርጥራጭ ጣሉበትና ቁጠሩ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው። የማዳበሪያ ከረጢት ሲሠራ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨመርበታል። አምስት በመቶ እንኳ ካለበት ፒፒው ይከብድና ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከአንድ የታወቀ ከረጢት ቆርጣችሁ ሞክሩት። አልኮሉንም ከእሳት አርቁ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጡ ቀጭን የኤልዲ ሽፋን አለው። «ንጹህ ማዳበሪያ ነው» ብላችሁ የገዛችሁት ራሱ ድብልቅ ሊሆን ይችላል።

የሙቀት ልክ። እያንዳንዱ ፐሮክሳይድ የሚፈነዳበት የራሱ ሙቀት አለው። «የሚፈነዳበት» ስል የሚበጠስበት ማለቴ ነው፤ ስለ እውነተኛው ፍንዳታ በኋላ እመጣለሁ። ባለሙያዎች የሚያነጻጽሩት መጠኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበትን ሙቀት በመመልከት ነው። ፕላስቲክ ኤክስትሩደር (እያቀለጠ በስክሩ የሚገፋው ማሽን) ውስጥ የሚቆየው አንድና ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ፐሮክሳይዱ በግማሽ፣ የግማሹ ግማሽ እያለ ስድስት ሰባት ጊዜ መቀነስ አለበት። ያኔ የሚቀረው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ ቀድሞ ካለቀ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ይሠራል። ዘግይቶ ሳያልቅ ከቀረ ደግሞ እቃው ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ያበላሸዋል።

ኪሎው ስንት ይሠራል? ዋጋ ላይ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። አንድ ኪሎ ፐሮክሳይድ የሚሠራው ባለው ንቁ ኦክስጅን ልክ ነው። ንጹህ ዲሲፒ 5.9 በመቶ፣ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 6.6 በመቶ፣ 101 የሚባለው ደግሞ 11 በመቶ ገደማ አለው። በዚያ ላይ ዲሲፒ 99 በመቶ ንጹህ ክሪስታል ሆኖም ይሸጣል፣ 40 በመቶ ብቻ ሆኖ በኖራ ድንጋይ ዱቄት ተበርዞም ይሸጣል። ሁለተኛው በኪሎ ርካሽ ይመስላል። የሚሠራው ግን የመጀመሪያውን ሁለት አምስተኛ ነው። ዋጋ ሲነገራችሁ ወዲያው «ስንት በመቶ ነው?» በሉ። ሻጩ ካላወቀ አትግዙት።

ሽታና ቅሪት። ፐሮክሳይድ ሠርቶ ሲጨርስ ቁራጩን ትቶ ይሄዳል። ዲሲፒ አሴቶፌኖን የሚባል ጣፋጭነት ያለው ከባድ ሽታ ይተዋል። ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ሳምንታት ይሸታል። ደንበኛ ይመልሳል።

አንቲኦክሲዳንት። ፕላስቲክን ከፀሐይና ከሙቀት የሚጠብቁት ተጨማሪዎች ፐሮክሳይድን ይበሉታል፣ እሱም ይበላቸዋል። መልሶ በተፈጨ ፕላስቲክ ውስጥ የቀረው አንቲኦክሲዳንት ድሮም ትንሽ ነው። ፐሮክሳይድ ሲጨመር ያችም ታልቃለች። ዕቃው በሁለተኛው ክረምት ይሰባበራል። ውጭ ለሚቀመጥ ነገር ፐሮክሳይድ ከተጠቀማችሁ አንቲኦክሲዳንትና ካርቦን ጥቁር የሚባለውን ጥቁር ዱቄት መመለስ የግድ ነው። ካርቦን ጥቁሩ አሲድነት ያለው ዓይነት ከሆነ ግን ዲሲፒን ራዲካል ሳይሰጥ ያበላሸዋል፤ ሲገዛ ይጠየቅ።

አደጋ። ሁሉም በሙቀት፣ በአሲድና በዝገት ሊቀጣጠሉ የሚችሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ክሮስቢ በሚባል ቦታ፣ የሃርቪ አውሎ ነፋስ ጎርፍ የአንድ ፐሮክሳይድ ፋብሪካን ኤሌክትሪክ አጠፋው። ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ፐሮክሳይዱ ሞቆ በራሱ ተቀጣጠለ። እዚህ የማነጻጽራቸው ማቀዝቀዣ የማይፈልጉት ናቸው። ቢሆንም ከ30 ዲግሪ በታች፣ ጥላ ውስጥ፣ ከማሽኑ ርቀው መቀመጥ አለባቸው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ከሆናችሁ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አታስቀምጡ። ዲሲፒ 40 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ድንጋይ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ በትክክል መመዘን አይቻልም። ድንጋዩን በመዶሻ መፍጨት ደግሞ በፍጹም!

ምርጫዎቹ አንድ በአንድ

ምንም አለመጨመር፣ መለየት ብቻ። ይህን አንደኛ ያደረግኩት አስቤበት ነው። የወዳጄ ሳጥን የሚሰነጠቀው ፐሮክሳይድ ስለጎደለው አይደለም። ኤችዲና ፒፒ እንደ ዘይትና ውሃ ናቸው። ሲቀላቀሉ መገናኛቸው ደካማ ነው። በእጅ መለየት ጉልበት ይጠይቃል። ጄሪካንና ከረጢትን ግን ሕፃንም ይለያቸዋል። የሚያስቸግረው ከተፈጨ በኋላ ነው። ስለዚህ ከቆራሌው ሲረከቡ መለየትና ለተለየው ትንሽ ከፍ አድርጎ መክፈል ከማንኛውም ኬሚካል ይረክሳል። ሙቀት መቋቋሙም ሆነ ጥንካሬው የሚታወቅ ነገር ይሆናል። ዕቃው ነገም ተመልሶ ሊፈጭ ይችላል። መረብ የሆነ ፕላስቲክ ግን ዳግም አይቀልጥም፤ መልሶ መጠቀም ለምንለው ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዲሲፒ (ዳይኩሚል ፐሮክሳይድ)። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውና ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው። በአንድ ደቂቃ በግማሽ የሚቀንሰው 175 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለኤችዲ ጥሩ ልክ ነው። ኤችዲው ቀልጦ ከተደባለቀ በኋላ ይሠራል።

ጥቅሙ የሚታየው ኤችዲው በበዛበት ድብልቅ ነው። ከ0.05 እስከ 0.1 በመቶ፣ ማለትም በ100 ኪሎ ከ50 እስከ 100 ግራም ንጹህ ዲሲፒ ሲገባ መሰንጠቅና መላላጥ ይቀንሳል። የመጎተት ጥንካሬው ግን ብዙም አይጨምርም። ክሪስታሉ ስለሚቀንስ እንዲያውም ጥቂት ሊወርድ ይችላል። መጠኑን ከጨመራችሁ ዕቃው ሳይለጠጥ ይበጠሳል።

አንድ የማይነገር ነገር አለ። ጄሪካን የሚነፋው ኤችዲ ድሮም በጣም ወፍራም ቅልጥ ያለው ነው። ብዙውም በክሮም ካታሊስት የተሠራ ስለሆነ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ለራዲካል የተጋለጠ ድርብ ማያያዣ አለው። ትንሽ ዲሲፒ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ስንጨምርበት ነው እኛ የተቃጠልነው።

በምሠራበት ቦታ በአንድ ወቅት 0.3 በመቶ አስገባን። ግፊቱ ወጣ፣ ወንፊቱ ተደፈነ። ወንፊት ለመቀየር ስናቆም መብራት ሄደ። ሲመለስ በርሜሉ ውስጥ ያለው ተያይዞ ጎማ ሆኗል። ስክሩን ለማውጣትና ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብን። ኤችዲ የበዛበት ነገር ላይ ፐሮክሳይድ ስትሠሩ ይህን አትርሱ፤ መብራት ቢጠፋ የምታጸዱበት ጊዜ የለም። ጄኔሬተር ከሌላችሁ አትሞክሩት።

ሽታው ከባድ ነው ብያለሁ። በአውሮፓ የኬሚካል አመዳደብም ፅንስን ሊጎዳ የሚችል ተብሎ ተመድቧል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ አጠገቡ አትቁም። ለሌላውም ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው።

ቢአይፒቢ። «ሽታ የሌለው ዲሲፒ» ይሉታል። የዲሲፒ የቅርብ ዘመድ ነው። የሙቀት ልኩ ከዲሲፒ ትንሽ ከፍ ይላል። ንቁ ኦክስጅኑ ከ9 በመቶ በላይ ስለሆነ ያነሰ ይበቃል። ውድ ነው። ቤት ውስጥ ለሚገባ ዕቃ ግን እኔ ከዲሲፒ እሱን እመርጣለሁ።

101 የሚባለው። ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ ገበያው የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። ፈሳሽ ነው። በአንድ ደቂቃ በግማሽ የሚቀንሰው ወደ 180 ዲግሪ ነው። ከ190 እስከ 230 ለሚሠራው ፒፒ የተሠራ ይመስላል። ቅሪቱ ቀለል ያለ አልኮልና አሴቶን ስለሆነ በአየር ማስወጫው በኩል ይወጣል፤ ብዙ ሽታ አይተውም።

በዓለም ላይ የፒፒ አምራቾች ራሳቸው ይጠቀሙበታል። ለማጠንከር አይደለም፤ ፒፒውን ሆን ብለው ለማቅጠን ነው። እዚህ ላይ እኛ ዘንድ ጥሩ ዕድል አለ። የማዳበሪያ ከረጢት ፒፒ የፍሰት መጠኑ በ10 ደቂቃ 3 ግራም አካባቢ ነው። ለመጎተት የተሠራ ነውና። ለኢንጀክሽን (ቅልጡን በግፊት ቅርጽ ውስጥ ለመሙላት) ግን ወፍራም ነው፤ ቅርጹ ጥግ ድረስ አይደርስም። በ100 ኪሎ ከ20 እስከ 50 ግራም ንጹህ 101 ሲገባ ፍሰቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ማንጠልጠያ፣ ክዳን፣ የአበባ ማሰሮ በቀላሉ ይሞላል። ጥግ ድረስ የሞላ ዕቃ ግማሽ ከተሞላ ዕቃ ይጠነክራል። ፕላስቲኩ ራሱ ግን ለምት ደካማ እየሆነ ነው። ለወንበር እግር አልመክረውም።

የሙቀት ጠባዩ ብዙም አይለወጥም። አጫጭር ሰንሰለቶች በቀላሉ ስለሚደረደሩ ክሪስታሉ ጥቂት ሊጨምር ይችላል። ማቅለጫው እዚያው 160ዎቹ ውስጥ ነው።

20 ግራም ፈሳሽ በ100 ኪሎ ላይ እኩል ማዳረስ በእጅ አይሆንም። በፒፒ ውስጥ ከ5 እስከ 20 በመቶ ሆኖ የተዘጋጀ ማስተርባች ይገኛል። በኪሎ ይወደዳል። ለትንሽ ፋብሪካ ግን ትክክለኛው እሱ ነው፤ አደጋውም ይቀንሳል።

ቤንዞይል ፐሮክሳይድ። በቀላሉ ስለሚገኝ ሰው ይሞክረዋል። በአንድ ደቂቃ በግማሽ የሚቀንሰው 130 ዲግሪ ላይ ነው። ኤችዲ ገና መቅለጥ ሲጀምር፣ ፒፒው ሳይነካ፣ እሱ ሊያልቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጓል ይሠራል፤ ሌላው ምንም አይደርሰው። ከቅሪቱም አንዱ ቤንዚን የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ መኪና ውስጥ የምንቀዳው ሳይሆን የካንሰር መንስኤ የሆነው። ደረቅ ሲሆን ደግሞ በምትና በፍትጊያ ይፈነዳል፤ ውሃ ያዘለ ሆኖ የሚሸጠው ለዚህ ነው። «ውሃውን አድርቀህ ጨምረው» የሚል ምክር ከሰማችሁ አትስሙ። ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ዳይ ተርት ቡቲል ፐሮክሳይድ። 190 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ግን በ110 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እንፋሎቱም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ክፍት ሆፐር (ፕላስቲኩ የሚጨመርበት አፍ) ላለው ማሽን አይሆንም።

ፐሮክሳይድ ከረዳት ጋር። ቲኤአይሲ የሚባል ረዳት አለ፤ ሌሎችም አሉ። ፒፒው ከመበጠሱ በፊት ራዲካሉን ይይዘዋል። መበጠሱ ይቀንሳል፣ ቅርንጫፍ ይበዛል። በትክክል ከተሠራ ከዲሲፒ ብቻውን ይሻላል። ችግሩ «በትክክል» የሚለው ቃል ነው። መንታ ስክሩ ኤክስትሩደርና ጥሩ መመገቢያ ይፈልጋል። ጎማ መሰል የመኪና ክፍሎችን ከፒፒና ከኢፒዲኤም ላስቲክ የሚሠሩት ኩባንያዎች እንኳ ፒፒው እንዳይበጠስባቸው ብዙ ጊዜ ፐሮክሳይድን ትተው ፌኖሊክ ሬዚን የሚባለውን ሌላ ማያያዣ ይመርጣሉ።

ላስቲክ መሰል አስታራቂ። ከኢታይሊንና ከፕሮፒሊን ወይም ከኢታይሊንና ከኦክቲን የተሠራ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በ100 ኪሎ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይገባል። በኤችዲውና በፒፒው መካከል ይቀመጥና ምቱን ይውጣል። ኬሚካዊ ለውጥ የለም፣ አደጋ የለም፣ ሽታ የለም። ዕቃው ትንሽ ይለሰልሳል፤ በሙቀት ስር ሸክም መቻሉም ጥቂት ይቀንሳል። ወጪው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ግማሽ በግማሽ ለሆነ ድብልቅና መውደቅ ለሚበዛበት ሳጥን ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | በ1 ደቂቃ በግማሽ የሚቀንስበት | ኤችዲ የበዛበት ድብልቅ | ፒፒ የበዛበት ድብልቅ | ሽታ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| መለየት ብቻ | – | ጥሩ | ጥሩ | የለም | ጉልበት |
| ዲሲፒ | ወደ 175 ዲግሪ | መሰንጠቅ ይቀንሳል፣ ጓል ያሰጋል | ይሰባበራል | ከባድ | ዝቅተኛ |
| ቢአይፒቢ | ከዲሲፒ ጥቂት በላይ | እንደ ዲሲፒ | ይሰባበራል | ትንሽ | መካከለኛ |
| 101 | ወደ 180 ዲግሪ | ይወፍራል | ፍሰቱ ይጨምራል፣ ምት አይችልም | ትንሽ | መካከለኛ |
| ቤንዞይል | ወደ 130 ዲግሪ | ጓል | ቀድሞ ያልቃል | አለ | ዝቅተኛ፣ አደጋው ከፍተኛ |
| ፐሮክሳይድና ረዳት | እንደ ፐሮክሳይዱ | ጥሩ | ከፐሮክሳይድ ብቻ ይሻላል | እንደ ፐሮክሳይዱ | ከፍ ያለ |
| ላስቲክ መሰል አስታራቂ | – | ጥሩ | ጥሩ | የለም | ከፍተኛ |

ለእናንተ የሚሆነው የትኛው ነው?

አቅማችሁ ትንሽ ከሆነና ድብልቁን ካላወቃችሁት ኬሚካል አትግዙ። ለዩ። መለየት ያልቻላችሁትን ወፍራም ነገር ሥሩበት፤ የአጥር ምሰሶ፣ የመሬት ንጣፍ። እዚያ ላይ ውፍረቱ ድክመቱን ይሸፍናል።

የተለየ ማዳበሪያ ካላችሁና ኢንጀክሽን ከሆነ ሥራችሁ የ101 ማስተርባች ግዙ። በትንሹ ጀምሩ።

ኤችዲው 80 በመቶና በላይ መሆኑን ካረጋገጣችሁና ጄኔሬተር ካላችሁ፣ ከ0.05 በመቶ ሳታልፉ ዲሲፒ ወይም ቢአይፒቢ ሞክሩ። የግፊት መለኪያውን የሚከታተል ሰው ይኑር።

ለውሃና ለምግብ የሚሆን ዕቃ ከሆነ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ምንም አይሆንም። የማዳበሪያ ከረጢት ምን ይዞ እንደነበር ስሙ ይናገራል። ከእሱ የዘይት ጄሪካን መሥራት ሰውን መጉዳት ነው። ለሙቅ ውሃ ቧንቧም እንዲሁ፤ ደረጃውን የጠበቀ ፔክስ ይገዛ።

ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ከተከለከለ ወዲህ ፒኤልኤ እና ፒባት የሚባሉ የሚበሰብሱ ፕላስቲኮችን ድብልቅ የሚጠይቁኝ አሉ። ፒኤልኤ ደረቅ ነው፣ 60 ዲግሪ ሳይሞላም ይለሰልሳል። ፒባት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። እዚያ ትንሽ ዲሲፒ ሁለቱን በድንበራቸው ላይ ያያይዛቸዋል፤ ለምት ያላቸው ጥንካሬ ይጨምራል። ከኤችዲና ከፒፒ ይልቅ እዚያ ላይ ውጤቱ ይበልጣል። ሁለቱም ግን እርጥበት ስለማይወዱ ሳይደርቁ አይቀልጡ።

ሃይላንድ ጠርሙስና የፒቪሲ ቱቦ ከየትኛውም ድብልቅ ይውጡ። ሃይላንዱ ወደ 250 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ፒቪሲው በፒፒ ሙቀት አሲድ ይተፋል።

ሙከራ ስትጀምሩ አምስት አምስት ኪሎ አድርጋችሁ ሦስት ዙር ሥሩ። አንዱ ያለ ምንም፣ አንዱ በግማሽ መጠን፣ አንዱ በሙሉ መጠን። ዕቃው አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ከአንድ ከፍታ ላይ ጣሉት፤ ጠዋት በብርድ አንዴ፣ ቀን በፀሐይ አንዴ። የፈላ ውሃ ውስጥ ከትታችሁም ሸክም ጫኑበት። የሚለካ ላቦራቶሪ ካገኛችሁ የፍሰት መጠኑንና የማቅለጫውን ሙቀት አስለኩ። ያለ ምንም የተሠራውን ናሙና ግን አትጣሉት፤ የሌሎቹ መለኪያ እሱ ነው።

ወዳጄ አልኮሉን ሞከረ። ከ50 ቁርጥራጭ 31 ተንሳፈፈ። የሰመጡት ውስጥም ጥቂት የኖራ ዱቄት ያለባቸው ከረጢቶች ነበሩ። ድብልቁ በአብዛኛው ፒፒ ነው ማለት ነው። ዲሲፒው ቢገባበት ሳጥኑ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይሰበር ነበር። አሁን ቆራሌዎቹ ጄሪካኑን ለብቻ እንዲያመጡለት ተስማምቶ በኪሎ ትንሽ ጨምሮላቸዋል። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እናወጣለን።